በሕፃናቱ እርምጃ ልክ፡- መዋዕለ ሕፃናት የጀመረ ልጅ እና ተጓዳኝ ትምህርቶች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ብዙ ሕፃናት ለመጀመሪያ ጊዜ ከእናታቸው ጉያ ወጥተው ወደ መዋዕለ ሕፃናት ይገባሉ። ቦርሳ ይገዛል፤ የደንብ ልብስ ይሰፋል፤ የምሳ ዕቃ ይዘጋጃል። በዚሁ ሰሞን ወላጆች ሌላም ነገር ያስባሉ። ልጁ ዋና ይማር? ቴኳንዶ ይመዝገብ? ሥዕል ወይስ ፒያኖ? እንግሊዝኛው እንዲጠብቅለት አስጠኚ ይቀጠርለት? ኦርቶዶክሳውያን ወላጆች ደግሞ በዚህ ላይ ሰንበት ትምህርት ቤቱን፣ የአብነት ትምህርቱን፣ የመዝሙር ጥናቱን፣ በገናውን ይጨምራሉ።

እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ መልካም ነው። ሁሉም በአንድነት በአንድ የአራት ወይም የአምስት ዓመት ሕፃን ትከሻ ላይ ሲያርፉ ግን መልካምነታቸው ወደ ሸክምነት ይለወጣል። ሕፃኑ ድካሙን በቃል አያስረዳም፤ በለቅሶ፣ በቁጣ፣ በሆድ ሕመም ይናገረዋል። ቤተሰቡም መሸከም ሲያቅተው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚያስቀረው የእሑዱን ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚህ ጽሑፍ ስንት ተጓዳኝ ትምህርት እንደሚበቃ፣ የትኛው እንደሚቀድም፣ ሲበዛም የትኛው እንደሚቀነስ ከቅዱሳት መጻሕፍት ምሳሌና ከሕፃናት ጠባይ አንጻር እንመለከታለን።

የያዕቆብ ጥበብ

ያዕቆብ በላባ ቤት ሃያ ዓመት ከኖረ በኋላ ቤተሰቡንና መንጋውን ይዞ ወደ ሀገሩ ሲመለስ ወንድሙ ዔሳው አራት መቶ ሰዎችን አስከትሎ ተቀበለው። ወንድማማቾቹ ተቃቅፈው አልቅሰው ከታረቁ በኋላ ዔሳው አብረን እንጓዝ አለ። ያዕቆብ ግን ልጆቹ ደካሞች መሆናቸውን፣ የሚያጠቡ በጎችና ላሞችም እንዳሉት፣ አንዲት ቀን በጥድፊያ ቢነዷቸው መንጋው ሁሉ እንደሚያልቅ አስረድቶ ወንድሙ እንዲቀድም ለመነው፤ እርሱ ግን በፊቱ ባሉት እንስሳትና በሕፃናቱ እርምጃ ልክ ቀስ ብሎ እንደሚከተል ነገረው (ዘፍ. 33፥12-14)።

ዮሴፍ የተወለደው ያዕቆብ ስለ ሁለቱ የላባ ልጆች ያገለገለበት አሥራ አራት ዓመት ሲፈጸም ነው (ዘፍ. 30፥25)፤ ከዚያም በኋላ ያዕቆብ ስለ መንጋው ስድስት ዓመት ጨምሮ አገልግሏል (ዘፍ. 31፥41)። ስለዚህ በዚያ መንገድ ላይ ዮሴፍ የስድስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበር፤ ዛሬ በመዋዕለ ሕፃናት በምናየው ዕድሜ ማለት ነው። ኋላ ግብፅን ከረኀብ ያተረፈው ዮሴፍ በዚያች ቀን በጎልማሶች እርምጃ እንዲሮጥ አልተገደደም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ያዕቆብ ጉዞውን አላቋረጠም። ልጆቹ ደካሞች ናቸውና እዚሁ እንቀመጥ አላለም፤ ተጓዘ፤ ልጆቹንም ወደ አባቶቻቸው ሀገር አደረሰ። ሁለተኛ፣ የጉዞውን ፍጥነት የወሰኑት ሕፃናቱ እንጂ የዔሳው ሰዎች አልነበሩም። ወላጅም ልጁን ወደ ዕውቀትና ወደ በጎ ምግባር ማድረስ ግዴታው ነው። የሚጓዝበት ፍጥነት ግን በጎረቤት ልጅ፣ በዘመድ ልጅ ወይም በሥራ ባልደረባ ልጅ እርምጃ ሊለካ አይገባም።

አዲሱ ተማሪ የሚሸከመው ምንድን ነው?

ለእኛ መዋዕለ ሕፃናት የጨዋታ ቦታ ይመስለናል። ለሕፃኑ ግን የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ነው። ከእናትና ከአባት መለየት፣ የማያውቃትን መምህርት መታዘዝ፣ ከብዙ ሕፃናት ጋር አንዲትን አሻንጉሊት መካፈል፣ ተራ መጠበቅ፣ ሽንት ሲመጣ ተናግሮ መውጣት፣ በሰዓት መብላት፣ በጩኸት መካከል መቀመጥ፣ ብዙ ጊዜም በቤቱ ሰምቶት በማያውቀው ቋንቋ መታዘዝ ይጠበቅበታል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ተሸክሞ ሲመለስ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብንለው «ምንም» ቢለን አይድነቀን። የተማረው በደብተሩ ላይ ከተጻፈው እጅግ ይበልጣል።

በሀገራችን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናትን ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉ ሕፃናት ያዘጋጀው ሁለንተናዊ ዕድገታቸውን አግዞ ለመደበኛው ትምህርት እንዲያሰናዳቸው ነበር። መደበኛው የአንደኛ ክፍል ትምህርት የሚጀመረውም በ7 ዓመት ነው። እንግዲህ መዋዕለ ሕፃናት ራሱ ዝግጅት ከሆነ ለዝግጅቱ ሌላ ዝግጅት፣ ለዚያም ሌላ አስጠኚ መደረብ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ቆም ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ሕፃን የቀን እንቅልፉ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት እንዳለበት፣ በቀኑ ውስጥ ቢያንስ 180 ደቂቃ ሰውነቱን የሚያንቀሳቅስበት ጊዜ እንደሚያስፈልገው፣ ተቀምጦ ቴሌቪዥንና ስልክ የሚያይበት ጊዜም ከ1 ሰዓት መብለጥ እንደሌለበት ይመክራል። ይህን ይዘን የአንድን ሕፃን ቀን እንቁጠር።

ሕፃኑ 11 ሰዓት ተኛ እንበል። ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት በመዋዕለ ሕፃናት ቢቆይ 7 ሰዓት ነው። ለመሄጃና ለመመለሻ በሰርቪስ ወይም በታክሲ አንድ አንድ ሰዓት ቢፈጅ 2 ሰዓት ነው። ድምሩ 20 ሰዓት ሆነ። ከቀረው 4 ሰዓት ውስጥ መታጠብ፣ መልበስ፣ ቁርስና እራት ቢያንስ 2 ሰዓት ይወስዳሉ። ለጨዋታ፣ ለጸሎት፣ ከአባቱና ከእናቱ ጋር ለመነጋገር የተረፈው 2 ሰዓት ብቻ ነው። አሁን በዚህ ቀን ላይ የአንድ ሰዓት ትምህርት ብንጨምርና ለመንገዱ በመሄጃም በመመለሻም ግማሽ ግማሽ ሰዓት ብናስብ ያ 2 ሰዓት አለቀ። ከዚህ በላይ የምንጨምረው ሁሉ የሚቆረጠው ከእንቅልፉ ነው። በየቤቱ ሰዓቱ ቢለያይም ስሌቱ ተመሳሳይ ነው፤ ወላጆች የራሳቸውን ልጅ ቀን በወረቀት ላይ እንዲህ ቢቆጥሩት የሚወስኑት ውሳኔ ይቀልላቸዋል።

ጨዋታ የባከነ ጊዜ ነውን?

ብዙዎቻችን «ሲጫወት ይውላል» የሚለውን አነጋገር ለነቀፌታ እንጠቀምበታለን። ቅዱሳት መጻሕፍት ግን የሕፃናትን ጨዋታ በነቀፌታ አይመለከቱትም። ነቢዩ ዘካርያስ እግዚአብሔር ኢየሩሳሌምን በሚጎበኝበት ጊዜ የሚሆነውን ሲናገር የሰላሟ ምልክት አድርጎ ከሚያነሣቸው ነገሮች አንዱ አደባባዮቿ በሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች መሞላታቸው ነው (ዘካ. 8፥5)። በሰላም ያለች ከተማ ሽማግሌዎች የሚቀመጡባት፣ ሕፃናትም የሚጫወቱባት ናት። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ልጅ ሳለ እንደ ልጅ ይናገርና ያስብ እንደ ነበር መስክሯል (1ኛ ቆሮ. 13፥11)። የልጅነት ጠባይ የሚተወው ሰው ሲጎለምስ እንጂ ገና ልጅ ሳለ አይደለም።

ሕፃን ዕቃ ዕቃ ሲጫወት ቃላትን ይለምዳል፤ ከጓደኛው ሲጣላና ሲታረቅ ይቅር ማለትን ይማራል፤ ነጠላ ለብሶ ካህን መስሎ ሲያሳልም፣ ወንድሞቹን ሰብስቦ ሲያስቀድስ ያየውን ወደ ልቡ ያስገባል። ይህን ጨዋታ በጎልማሳ የተመራ ሥልጠና አይተካውም። ስለዚህ ለጨዋታ የተተወ ሰዓት ገና ያልተመደበ ባዶ ሰዓት ሳይሆን የሕፃኑ ድርሻ የሆነ ሰዓት ነው።

ወላጆችን የሚያጣድፋቸው ምንድን ነው?

ለልጁ ተጓዳኝ ትምህርት የሚያበዛ ወላጅ ልጁን የሚጠላ አይደለም። የሚያጣድፈው አብዛኛውን ጊዜ ፍቅርና ፍርሃት ነው። ሌሎች ሲቀድሙ የእኔ ልጅ ወደ ኋላ ይቀራል የሚል ስጋት አለ። ራሱ በልጅነቱ ያላገኘውን ለልጁ ለማድረግ የሚጓጓ አለ። ባልና ሚስት እስከ ማታ በሥራ ላይ ስለሚውሉ ልጁን የሚጠብቅለት ሰው አጥቶ ከትምህርት በኋላ ያለውን ሰዓት በሥልጠና የሚሞላም አለ። ይህን የመጨረሻውን ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን ችግሩ የጥበቃ ከሆነ መፍትሔውም የጥበቃ ይሁን፤ ልጁ በትምህርት ቤቱ ግቢ እየተጫወተ የሚቆይበት ወይም አያት፣ አክስት፣ ታማኝ ጎረቤት የምትቀበልበት መንገድ ከተገኘ ከሌላ ሥልጠና ይልቅ ያሳርፈዋል።

ከእነዚህ ሌላ ግን ራሳችንን በቅንነት ልንመረምርበት የሚገባ አንድ ምክንያት አለ። እርሱም ከንቱ ውዳሴ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ልጆችን ስለ ማሳደግ የጻፈው ድርሳን የሚጀምረው ስለ ከንቱ ውዳሴ በማስተማር መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ሊቁ የሕፃኑን ነፍስ በከተማ ይመስላታል። ዐይን፣ ጆሮ፣ አንደበት፣ አፍንጫና የመዳሰስ ስሜት የከተማይቱ በሮች ናቸው፤ የወላጅ ሥራም በየበሩ የሚገባውንና የሚወጣውን መጠበቅ፣ ለከተማይቱም መልካም ሕግ መሥራት ነው። በዚህ ምሳሌ ውስጥ ወላጅ የበር ጠባቂ ነው። የበር ጠባቂ ብዙ ስላስገባ አይመሰገንም፤ የሚገባውን ለይቶ ስላስገባ ነው እንጂ።

እንግዲህ ልጃችንን ለአንድ ትምህርት ስናስመዘግብ «ይህን የምናደርገው ለልጁ ነው ወይስ ለሚጠይቁን ሰዎች የምንመልሰው እንድናገኝ?» ብለን እንጠይቅ። ይህ ጥያቄ በመንፈሳዊውም ላይ ይሠራል። ገና በአራት ዓመቱ ይህን ያህል መዝሙር በቃሉ ያውቃል ተብሎ እንዲወደስ የሚደክም ሕፃን ሸክሙ የመጣው ከመዝሙሩ ሳይሆን ከውዳሴው ፍላጎት ነው።

በሌላ በኩል ለተጓዳኝ ትምህርት የሚከፍሉት የሌላቸው ወላጆች ልጃቸውን የበደሉት መስሎ እንዳይሰማቸው እንወዳለን። ማታ አብሮት የሚጸልይ አባት፣ ተረት የምትነግረው እናት፣ የሚሮጥበት ግቢ፣ የሚያገኛቸው ጓደኞች ያሉት ሕፃን በዚህ ዕድሜው ከሚያስፈልገው የጎደለበት እጅግ ጥቂት ነው።

የሐና ትዕግሥትና ትንሿ መደረቢያ

ሐና ልጅ ቢሰጣት ለእግዚአብሔር እንደምትሰጠው ተስላ ነበር። ሳሙኤልን ከወለደች በኋላ ባልዋ ሕልቃና የዓመቱን መሥዋዕት ሊሠዋ ሲወጣ ግን አብራው አልወጣችም፤ ሕፃኑ ጡት እስኪተው ድረስ ቆየች፤ ሕልቃናም ተስማማ (1ኛ ሳሙ. 1፥21-23)። ስእለቷን አላጠፈችም፤ የሕፃኑን ጊዜ ጠበቀች እንጂ። ለእግዚአብሔር የተሳለ ልጅ እንኳ ዕድሜው እስኪደርስ ከተጠበቀ ለሌላው ትምህርት መቸኮላችን ከምን የመጣ ነው?

ሳሙኤልም ወደ ቤተ መቅደስ ከገባ በኋላ እናቱ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ታመጣለት ነበር (1ኛ ሳሙ. 2፥19)። ልጁ በየዓመቱ ያድጋልና መደረቢያውም በየዓመቱ በልኩ ይሠራል። ሲያድግ ይደርስበታል ብላ የጎልማሳ ልብስ አላለበሰችውም። የምናሸክመው ትምህርትም እንዲሁ በዚህ ዓመት ቁመቱ ልክ ሊሆን ይገባል። የዘንድሮው መደረቢያ ትንሽ መሆኑ የከርሞው ትልቅ እንዳይሆን አይከለክልም።

ጌታችን መድኃኔዓለም ኢየሱስ ክርስቶስም ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ሲሆን ስለ እኛ ሥጋን በተዋሐደ ጊዜ የሕፃንነትን ሥርዓት አልዘለለም። በአርባ ቀኑ ወደ ቤተ መቅደስ ወሰዱት፤ በ12 ዓመቱ በሊቃውንት መካከል ተገኘ፤ በመካከሉ ያለውን ዘመን በእናቱና በዮሴፍ ዘንድ እያደገ ኖረ (ሉቃ. 2፥22-52)። ወንጌላዊው ስለዚያ ዘመን የነገረን ጥቂት ነው፤ ጸጥ ያለ የቤት ውስጥ ዕድገት ነበርና።

የማይነካው፣ የሚዘገየው፣ የሚቀረው

ለውሳኔ ይረዳ ዘንድ ነገሮችን በሦስት መደብ ከፍለን እናቀርባለን። ይህ ቀኖና ሳይሆን ምክር ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከንስሓ አባቱ ጋር እየተመካከረ በልጁ ጠባይ ልክ ይጠቀምበት።

የመጀመሪያው መደብ የማይነካው ነው። በዚህ ውስጥ እንቅልፍ፣ ጨዋታ፣ ከወላጅ ጋር የሚሆን ጊዜ፣ የቤት ጸሎት፣ የእሑድ ቅዳሴና ቅዱስ ቁርባን አሉ። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ተጠምቀው ሥጋወደሙን የተቀበሉ ሕፃናት ከትምህርት ቤት በፊት የቤተ ክርስቲያን ልጆች ሆነዋል። ስለዚህ ቅዳሴ ከተጓዳኝ ትምህርቶች ጋር የሚወዳደር ሌላ ፕሮግራም አይደለም። ድካም ሲበረታ ብዙ ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚያስቀረው እሑድን የሆነው እሑድ ክፍያ ስለማይጠየቅበትና ፈተና ስለሌለበት ነው። የከፈልንበት እንዳይባክን በነፃ የተሰጠንን እናስቀራለን። ይህ መገልበጥ አለበት። ልጁ እሑድ ጧት ደክሞ ከተነሣ መቀነስ ያለበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የነበረው ነው።

ሁለተኛው መደብ በልክ የሚገባው ነው። በሳምንት አንድ ቀን የሚሆነው የሕፃናት ሰንበት ትምህርት በዚህ ውስጥ ቀዳሚ ቦታ አለው። ከእርሱ ሌላ ልጁ የሚወደው አንድ ነገር፣ ኳስ ወይም ዋና ወይም ሥዕል፣ ከቤት የማይርቅና ውድድር የሌለበት ከሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ ሊጨመር ይችላል።

ሦስተኛው መደብ ሊዘገይ የሚገባው ነው። የአምስት ዓመት ሕፃን አስጠኚ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የውጭ ቋንቋ፣ የደረጃ ፈተና ያለው የሙዚቃ መሣሪያ ትምህርት፣ ውድድርና ሽልማት ያለበት ስፖርት በዚህ ይመደባሉ። በ7 ወይም በ8 ዓመት ቢጀመሩ የሚጎድል ነገር የለም፤ ቶሎ ተጀምረው ቢጠሉ ግን መልሶ ማስወደድ ከባድ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ አባቶችን ልጆቻቸውን እንዳያበሳጩ ያስጠነቀቀው ልባቸው እንዳይዝል ነው (ቈላ. 3፥21)። የዛለ ልብ ደግሞ የደከመ እግርን ያህል ቶሎ አይበረታም።

የአብነት ትምህርቱስ?

ሕፃኑ በመዋዕለ ሕፃናት ሀሁና የእንግሊዝኛውን ፊደል በአንድነት መቁጠር ሲጀምር በቤት ደግሞ አቡጊዳና መልእክተ ዮሐንስ ቢጨመርበት ሊደናገር ይችላል። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ግን ከመጽሐፍ ትምህርት ጋር በቃል የሚሰጥ ትምህርት አለ። አባታችን ሆይና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል በጆሮ ተሰምተው በአንደበት ይለመዳሉ፤ ደብተርና እርሳስ አይሹም። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት በቃል መጀመር፣ ማማተብን፣ መስገድን፣ በጸሎት ጊዜ መቆምን ማስለመድ ይበቃል። ፊደሉን በመዋዕለ ሕፃናት ከለየ በኋላ ወደ ንባብ ለመግባት አይቸግረውም። ጢሞቴዎስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን ያወቀው (2ኛ ጢሞ. 3፥15) በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ ቤት ከነበረው እምነት ጋር ነው (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። የመጀመሪያው የአብነት ትምህርት ቤት ቤት ነው።

ዓመቱን እንዴት እንከፋፍለው?

ከመስከረም እስከ ኅዳር፡- በዚህ ጊዜ አዲስ ነገር አንጨምር። ልጁ ከዚህ በፊት ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ይሄድ ከነበረ ይቀጥል፤ የለመደው ቦታና ዜማ ያጽናናዋልና። ያልጀመረ ከሆነ ከወላጆቹ ጋር ማስቀደሱ ይበቃዋል። መስከረም 16 ደመራን፣ በዓላቱንም ከቤተሰቡ ጋር ያክብር። ማታ የመኝታ ሰዓቱ አይዛባ፤ ከመኝታ በፊት አጭር ጸሎት በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይደረግ።

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ፡- ወላጆች ተቀምጠው ይነጋገሩ። ልጁ ጧት ያለ ለቅሶ ይሄዳል? የጓደኞቹን ስም ያነሣል? እንደ ቀድሞው ይበላል፣ ይተኛል? መልሱ አዎን ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ይጨመር፤ ሰንበት ትምህርት ካልጀመረ እርሱ ይቅደም። አራት ሳምንት ሞክረን እንመልከተው። ልጁ ቀኑን የሚናፍቅ ከሆነ ይቀጥል፤ የሚሸሽ ከሆነ ያለ ቁጣና ያለ ነቀፌታ ይቁም።

ከጥምቀት በኋላ፡- ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀመር ዳግመኛ ይመዘን። ሌላ ከመጨመር በፊት ያለው በደስታ መያዙ ይታይ። አዲስ ሲገባ አሮጌው ይውጣ የሚል ሕግ በቤት ውስጥ ቢኖር መልካም ነው።

ሸክም እንደ በዛ የሚያሳዩ ምልክቶች

ሕፃኑ በትምህርት ቀን ጧት ሆዴን ወይም ራሴን አመመኝ ማለት ካበዛ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ከቻለ በኋላ ሌሊት መልሶ መኝታውን ማርጠብ ከጀመረ፣ የምግብ ፍላጎቱ ከቀነሰ፣ በትንሽ ነገር ከፍ ያለ ቁጣ ካሳየ፣ ከእናቱ ልብስ ተጣብቆ አልለቅም ካለ፣ ቀድሞ የሚወደውን ጨዋታ ከተወ ነገሩን እንደ ጥጋብ አንቍጠረው። በመጀመሪያ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ውጭ ያለውን ሁሉ ለሁለት ሳምንት አሳርፈን እንመልከት። መምህርቷንም በክፍል ውስጥ ስላለው ሁኔታ እንጠይቅ፤ ምክንያቱ ድካም ሳይሆን ልጁን ያስፈራው ሰው ወይም ነገር ሊሆን ይችላልና። ምልክቶቹ ከቀጠሉ ሐኪም ይየው። ጠበልና ጸሎት ከሕክምና ጋር አይጣሉም።

የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች ድርሻ

ሸክሙን የሚያቀልሉት ወላጆች ብቻ አይደሉም። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ሕፃናትን የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፡- ወደ እናንተ የሚመጣው ሕፃን አምስት ቀን በወንበር ላይ ተቀምጦ የሰነበተ ነው። እርሱን መልሶ በረጅም ስብከት ማስቀመጥ ስድስተኛ የትምህርት ቀን መጨመር ነው። ትምህርቱ አጭር፣ በሥዕልና በታሪክ የተደገፈ፣ በእጅ እንቅስቃሴ በሚዘመር መዝሙር የታጀበ ቢሆን ሕፃኑ እሑድን ይናፍቃታል። ለልደትና ለትንሣኤ በዓል የሚዘጋጁ ዝግጅቶችም ለዚህ ዕድሜ ጥቂትና ቀላል ይሁኑ፤ ተጨማሪ የጥናት ቀናት የሚጠይቁ አይሁኑ። በጌታችን ዘንድ ሕፃናት የቀረቡት እንዲታቀፉና እንዲባረኩ ነበር (ማር. 10፥13-16)።

በውጭ ሀገር ለሚኖሩ ቤተሰቦች

በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ምእመናን ሚዛኑ ይበልጥ ይከብዳቸዋል። በአሜሪካ ብዙ ሕፃናት በ5 ዓመታቸው ወደ መዋዕለ ሕፃናት ሲገቡ በዚያው ጊዜ የሕፃናት የእግር ኳስና ሌሎች የስፖርት ቡድኖች ምዝገባ ይደርሳል፤ ጨዋታዎቹም ብዙ ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ጧት ናቸው። ቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት፣ እሑድ ቅዳሴ አለ። ቤተ ክርስቲያኑም ከመኖሪያቸው ሊርቅ ይችላል።

እንዲህ ላሉ ቤተሰቦች የምንለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት የጨዋታውን ቀን ጠይቁ፤ ልጁ ከቡድኑ ጋር ከተላመደ በኋላ እሑድን ማስቀረት ለእርሱ ቅጣት ይሆንበታል። በሥራ ቀን ማታ ወይም ቅዳሜ ብቻ የሚጫወት ቡድን መፈለግ ይቻላል። ሁለተኛ፣ አማርኛን እንደ ሌላ ትምህርት ከመደረብ ይልቅ የቤት ቋንቋ አድርጉት፤ በእራት ጊዜ የሚነገር አማርኛ ሰዓትም መንገድም አይጠይቅም፤ ልጁም ቅዳሴውን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። ሦስተኛ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው ረጅም መንገድ ራሱ የቤተሰብ ጊዜ ይሁን፤ መዝሙር የሚሰማበት፣ የቅዱሳን ታሪክ የሚነገርበት፣ ሲመለሱም የሚተኛበት።

ባልና ሚስት ይስማሙ

ብዙ ጊዜ ሕፃኑን የሚያደክመው የትምህርቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን የወላጆቹ አለመስማማት ነው። አባት ስፖርቱን፣ እናት ሰንበት ትምህርት ቤቱን፣ አያት አብነቱን ይዘው እየጎተቱ ልጁ በመካከል ይቆማል። ሐናና ሕልቃና ስለ ሳሙኤል ተነጋግረው እንደ ተስማሙ እናንተም አስቀድማችሁ ተስማሙ። አያቶችንም በአክብሮት አማክሯቸው፤ ለሕፃኑ የሚነግሩት ታሪክ ከብዙ ሥልጠና ይበልጣልና።

ማርታ ስለ ብዙ ነገር ስትታወክ ጌታችን የሚያስፈልገው አንድ ነገር መሆኑን ነገራት፤ ማርያም መልካም ዕድልን እንደ መረጠችም መሰከረ (ሉቃ. 10፥41-42)። ማርታ ያገለገለችው ክፉ ነገር አልነበረም፤ ብዛቱ ግን ልቧን ከፋፈለው። ብዙ መልካም ነገሮች በሕፃናቶቻችን ላይ ሲበዙም እንዲሁ ልባቸውን ይከፋፍሉታል። ያንን አንዱን የሚያስፈልገውን አስቀድመን፣ ሌላውን በዕድሜያቸው ልክ እየጨመርን፣ በሕፃናቱ እርምጃ እንጓዝ። ያዕቆብ ቀስ ብሎ ቢጓዝም ከነልጆቹ ደርሷል።

ሕፃናትን የሚወድ አምላካችን እግዚአብሔር ልጆቻችንን በጥበብ፣ በጤናና በሃይማኖት ያሳድግልን፤ ለወላጆችም ማስተዋልን ይስጥልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎትና በረከት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር